ጥያቄና መልስ፦ የማሃባራታና የራማያና ጀግኖች የት ላይ ይወድቃሉ?

ስለ ሁለቱ የህንድ ጥንታዊ የጀግኖች ትረካዎች የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበን መልስ ሰጥተናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማሃባራታን ሁለት ጊዜ ጀምሬ በስሞቹ ብዛት ግራ ተጋብቼ ተውኩት። ከየት ልጀምር? (አንባቢ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ ራማያናን ያንብቡ። ባለቅኔው ቫልሚኪ የደረሰው ራማያና 7 መጻሕፍትና 24,000 ያህል ሽሎካ፣ ማለትም ባለ ሁለት መስመር ስንኝ፣ አለው። ታሪኩ አንድ መንገድ ይዞ ነው የሚሄደው። ልዑል ራማ ሊነግሥ ሲል ለ14 ዓመት ወደ ጫካ ይሰደዳል፤ ሚስቱን ሲታን የላንካው ንጉሥ ራቫና ይጠልፍበታል፤ እሱም የዝንጀሮዎችን ሠራዊት አሰልፎ ባሕር ተሻግሮ ያስመልሳታል።

ማሃባራታ ግን ለአንድ ዙፋን የሚዋጉ የሁለት ወንድማማቾች ልጆች ታሪክ ሲሆን 18 መጻሕፍት ነው፤ በልማድ 100,000 ሽሎካ ይባላል። በፑኔ ከተማ የሚገኘው የባንዳርካር የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም ከ1919 እስከ 1966 ድረስ ከየአገሩ የተሰበሰቡ የእጅ ጽሑፎችን እያስተያየ ባወጣው እትም ቁጥሩ ወደ 70,000ዎቹ ይወርዳል። እርስዎን ያሰናከለዎት 1ኛው መጽሐፍ ሳይሆን አይቀርም፤ በትውልድ ሐረግና በታሪክ ውስጥ ታሪክ የታጨቀ ነው። ስለዚህ በ2ኛው፣ ቁማሩ ባለበት መጽሐፍ፣ ይጀምሩ። ከ3ኛው መጨረሻ ላይ ያለውን የሐይቁን ጥያቄና መልስ ብቻ ያንብቡና ወደ 5ኛው፣ የሽምግልናው መጽሐፍ፣ ይለፉ። ቀጥሎ ጦርነቱንና ማግስቱን ከ6 እስከ 11 ሳያቋርጡ ይሂዱበት። 17ኛውና 18ኛው አጫጭር ስለሆኑ በአንድ ምሽት ያልቃሉ። 12ኛውንና 13ኛውን ለሁለተኛ ዙር ያቆዩአቸው፤ አዛውንቱ ቢሽማ በፍላጻ አልጋ ላይ ተጋድሞ ስለ መንግሥትና ስለ ግዴታ የሚያስተምርባቸው ናቸው። 12ኛው ከሁሉም ይረዝማል፤ ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው።

ስሞቹን በተመለከተ አንድ ወረቀት ይበቃል። ከላይ አያቱን ቢሽማን ይጻፉ። በግራ በኩል ዓይነ ስውሩን ንጉሥ ድሪታራሽትራን፣ ሚስቱን ጋንዳሪን፣ ከ100 ወንዶች ልጆቻቸው ታላቁን ዱርዮዳናንና ተከታዩን ዱሻሳናን፣ የጋንዳሪን ወንድም ሻኩኒን ያስፍሩ። በቀኝ በኩል የንጉሡን ወንድም የፓንዱን ሚስት ኩንቲንና ሦስት ልጆቿን ዩዲሽቲራን፣ ቢማንና አርጁናን፣ ከእንጀራ እናት ከማድሪ የተወለዱትን መንትዮች ናኩላንና ሳሃዴቫን፣ የአምስቱን የጋራ ሚስት ድራውፓዲን፣ ዘመዳቸውን፣ በሰው አካል የተገለጠ አምላክ የሚባለውን ክሪሽናን ያድርጉ። መምህሩ ድሮናና ካርና መሐል ላይ ይቀመጡ። ዳር ላይ ባዶ ቦታ ይተዉ፤ ምክንያቱም አንዱ ሰው አምስት ስድስት ስም አለው። አርጁና በአንድ ገጽ ፓርታ፣ በሌላው ዳናንጃያ፣ በሦስተኛው ሳቪያሳቺ ሲባል አዲስ ሰው የመጣ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ዩዲሽቲራ የጽድቅ አምላክ ልጅ ነው ይባላል። ታዲያ እንዴት ሚስቱን በቁማር ያስይዛል? ከዚህስ ምን ትምህርት ይገኛል? (የሕግ ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ የተሻለ ቦታ መርጠው መጠየቅ አይችሉም ነበር፤ የማሃባራታ ልብ እዚህ ነው። ነገሩን በቅደም ተከተል እንየው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ቅደም ተከተሉን ከመዝለል ነው።

ዩዲሽቲራ ወደ ቁማሩ የሄደው ወዶ ብቻ አይደለም። ግብዣው ከአጎቱ ከንጉሡ ነው የመጣለት፤ ደግሞም ለጨዋታ የጠራውን ሰው እምቢ እንደማይል ለራሱ የገባው ቃል ነበር። መልእክቱን ያደረሰለት ሌላው አጎቱ ቪዱራ አደጋውን ነግሮታል። በዱርዮዳና ፈንታ የሚጥለው ሻኩኒ ነው። ሀብቱ ካለቀ በኋላ ዩዲሽቲራ ናኩላን፣ ሳሃዴቫን፣ አርጁናን፣ ቢማን በዚህ ተራ አስይዞ ይሸነፋል። ከዚያ ራሱን ያስይዝና ይሸነፋል። እዚህ ላይ ሻኩኒ «ገና የሚያዝ ሀብት እያለህ ራስህን ማስያዝህ ነውር ነው፤ ድራውፓዲ አለችልህ» ይለዋል። እሷንም ይሸነፋታል።

መልእክተኛው ሊያመጣት ሲሄድ ድራውፓዲ አልጮኸችም፣ አልለመነችም። «ሂድና ጠይቀው፤ መጀመሪያ የተሸነፈው ራሱን ነው ወይስ እኔን?» ብላ መለሰችው። ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ነው። ራሱን ቀድሞ ከተሸነፈ ባሪያ ሆኗል ማለት ነው፤ ባሪያ ደግሞ የሚያስይዘው ንብረት የለውም። ዩዲሽቲራ መልስ አልነበረውም። ዱሻሳና ሄዶ በጠጉሯ እየጎተተ አዳራሹ ውስጥ አስገባት፤ የወር አበባ ላይ ነበረች፣ የለበሰችውም አንድ ልብስ ብቻ ነው።

አሁን የአዳራሹን ሰዎች አንድ በአንድ ይመልከቱ። ቢሽማ፣ ሕግ ያውቃል የሚባለው ሽማግሌ፣ «ጽድቅ ረቂቅ ነገር ነው» ብሎ ይጀምራል፤ ንብረት የሌለው ሰው የሌላውን ማስያዝ አይችልም፣ ሚስት ግን በባሏ ሥር ናት ይላል፤ ከዚያ ጥያቄውን መፍታት አልቻልኩም ብሎ ያቆማል። ድሮና ዝም። ንጉሡ ዝም። የተናገረው ማን ነው? ከዱርዮዳና ወንድሞች አንዱ፣ ወጣቱ ቪካርና። ምክንያቶቹን ዘርዝሮ ነው የተከራከረው፦ ቁማር ከነገሥታት አራት ሱሶች አንዱ ስለሆነ በሱስ የተሠራ ሥራ አይጸናም፤ እሷ የአምስቱ ሚስት ናት እንጂ የአንዱ ብቻ አይደለችም፤ ዩዲሽቲራ ራሱን ቀድሞ ተሸንፏል፤ እሷን አስይዝ ያለውም ተጫዋቹ ሻኩኒ ነው። እርስዎ ሕግ ስለሚያጠኑ ይህን ክርክር እንደ ችሎት መዝገብ ቢያነቡት ይጠቅምዎታል። የቪካርናን ቃል የቆረጠው ካርና ነው፤ ልብሷን እንዲገፏትም ያዘዘው እሱ ነው። ዱሻሳና ሲገፋት ልብሱ በላይ በላዩ ይተካል፤ ደክሞት ተቀመጠ።

ቢማ በዚህ መሐል የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ጠላቶቹን ትቶ ወደ ታላቅ ወንድሙ ዞሮ «ሳሃዴቫ፣ እሳት አምጣ፤ እጆቹን አቃጥላለሁ» ይላል። አርጁና ያበርደዋል። ጻድቁን ጥፋተኛ ብሎ የወነጀለው የገዛ ወንድሙ መሆኑን ትረካው አልደበቀም።

ጥያቄዋስ ተመለሰ? አልተመለሰም። የቀበሮ ጩኸት ተሰምቶ ንጉሡ ስለፈራ ነው ነገሩ የቆመው። ድሪታራሽትራ ሦስት ነገር እንድትለምነው ፈቀደላት። በመጀመሪያው የዩዲሽቲራን፣ በሁለተኛው የአራቱን ከነመሣሪያቸው ነፃ መውጣት ለመነች፤ ሦስተኛውን ስግብግብነት ይሆናል ብላ ተወችው። ወዲያው ሁለተኛ ቁማር ተጠራ፤ ዩዲሽቲራም ዳግም ሄደ፤ ተሸንፎም 12 ዓመት ጫካ፣ 13ኛውን ዓመት ማንም ሳያውቃቸው ተሸሽገው እንዲኖሩ ተፈረደባቸው።

ትምህርቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያቀርቡ መጻሕፍት «ቁማር ክፉ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ለዚያ ይህ ሁሉ ክርክር ባላስፈለገ ነበር። በእኛ ንባብ ክሱ የቀረበው በአዳራሹ ላይ ነው። ሕግ አዋቂዎቹ የሕግን ረቂቅነት መሸሸጊያ አድርገውታል። ሒሳቡም በኋላ በስም በስም ይወራረዳል፦ ቢሽማ በጦርነቱ 10ኛ ቀን፣ ድሮና በ15ኛው፣ ዱሻሳናና ካርና በ17ኛው ይወድቃሉ፤ ዱርዮዳና በ18ኛው፣ ለድራውፓዲ ገልጦ ባሳያት ጭኑ ላይ ተመትቶ። ቪካርናም ከጦርነቱ አልተረፈም፤ ከወንድሞቹ ጎን ተሰልፎ በቢማ እጅ ሞቷል። ትክክል የተናገረ ሁሉ ይድናል የሚል ትረካ አይደለም።

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን ባየሁት የህንድ ተከታታይ ድራማ የራማ ወንድም ላክሽማና መሬት ላይ መስመር አስምሮ ሲታን «ከዚህ እንዳታልፊ» ይላታል። መጽሐፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። የተጓደለ እትም ገዝቼ ይሆን? (አንባቢ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጽሐፍዎ አልተጓደለም። መስመሩ በቫልሚኪ ራማያና ውስጥ የለም፤ በኋላ ዘመን የተጨመረ ነው። ሌሎችም አሉ። ባሏ የረገማት አሃልያ ወደ ድንጋይ ተለወጠች ይባላል፤ ቫልሚኪ ዘንድ ግን በአመድ ላይ ተኝታ፣ ለማንም ሳትታይ ነው የምትቆየው። ባሕታዊቷ ሻባሪ ለራማ ፍሬውን እየቀመሰች ሰጠችው የሚለውም በኋላ የመጣ ነው። በማሃባራታ በኩል ድራውፓዲ ዱርዮዳናን «የዕውር ልጅ ዕውር» ብላ ሰደበችው የሚባለው ቃል በፑኔው እትም የለም። እዚያ ዱርዮዳና መስተዋት የመሰለውን ወለል ውኃ፣ ውኃውን ወለል አድርጎ ገብቶበት የሚስቁበት ቢማና ወንድሞቹ ናቸው፤ ድራውፓዲ ሳቀች የሚለው ዱርዮዳና ራሱ ለአባቱ ሲከስ ነው። ካርናን «የሠረገላ ነጂ ልጅ አላገባም» ብላ መለሰችው የሚለውም በብዙ ቅጂዎች ቢገኝም የፑኔዎቹ አዘጋጆች ከዋናው ጽሑፍ አውጥተውታል። ልብሷ ሲበዛ ክሪሽናን ጠርታ መጸለይዋም እንዲሁ።

ልብ ይበሉ፤ ከእነዚህ ጭማሪዎች ሦስቱ፣ መስመሩ፣ ስድቡና እምቢታው፣ ጥፋቱን ወደ ሴቷ ይገፋሉ። መስመሩን ባታልፍ ኖሮ፣ ባትሳደብ ኖሮ፣ ካርናን ባታዋርድ ኖሮ ጦርነት ባልነበረ ያሰኛሉ። ይህ ሲባል የቫልሚኪ ሲታ እንከን የላትም ማለት አይደለም፤ ላክሽማና ትቷት እንዲሄድ ያስገደደችው «ባሌ ሞቶ እኔን ልትወስድ ትመኛለህ» የሚል ከባድ ክስ ወርውራበት ነው።

አንድን ክፍል ለማጣራት መጀመሪያ በስንተኛው መጽሐፍ እንደሚገኝ ይለዩ፤ ቀጥሎ ከፑኔው፣ ለራማያና ከሆነ ደግሞ በባሮዳ ከተማ ከተዘጋጀው እትም በተተረጎመ መጽሐፍ ውስጥ ይፈልጉ። እዚያ ካጡት የካምባንን የታሚል ራማያና ወይም ቱልሲዳስ ከ1574 ጀምሮ በአዋዲ ቋንቋ የጻፈውን ይመልከቱ። የኋለኛ ዘመን ነው ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በሰሜን ህንድ በየቤቱ የሚዜመው የቱልሲዳስ ነው እንጂ የቫልሚኪ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለእኔ እውነተኛው ጀግና ካርና ነው። በዘሩ ተናቀ፣ ወዳጁን አልከዳም፣ የለመነውን ሁሉ ሰጠ። ለምን እንደ ክፉ ይቆጠራል? (አንባቢ ከደሴ)

መልስ፦ ብቻዎን አይደሉም፤ በህንድም ብዙ አድናቂ ያለው ነው። ማስረጃዎ በ5ኛው መጽሐፍ በጠንካራው ይገኛል። ክሪሽና ለብቻው አግኝቶ ምስጢሩን ይነግረዋል፦ ኩንቲ ሳታገባ ከፀሐይ አምላክ የወለደችህ የበኩር ልጅ ነህ፤ ወደ እኛ ከመጣህ ንጉሡ አንተ ትሆናለህ። ካርና እምቢ አለ። ያሳደጉኝ ሠረገላ ነጂው አዲራታና ሚስቱ ራዳ ናቸው፤ ሚስቶቼም ልጆቼም ከዚያው ወገን ናቸው፤ የዱርዮዳናን እንጀራ በልቼ በጦርነት ዋዜማ አልከዳውም አለ። ከዚያ የጨመረው የበለጠ ነው፦ «ለዩዲሽቲራ እንዳትነግረው፤ ካወቀ መንግሥቱን ለእኔ ይለቃል፤ እኔም ለዱርዮዳና እሰጣለሁ።» ይሸነፋል ብሎ ለሚያውቀው ወገን ነው ይህን የመረጠው። ኩንቲም መጥታ ስትለምነው ከአርጁና በቀር ሌሎቹን ልጆቿን እንደማይገድል ቃል ገባላት፤ ጠበቀውም። አብሮት የተወለደውን ጥሩርና ጉትቻም የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ ለማኝ መስሎ ሲመጣ፣ አባቱ ፀሐይ በሕልም አስጠንቅቆት እያለ፣ ከሰውነቱ ቆርጦ ሰጥቷል። በምትኩ ያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ የሚወረወር ጦር ነበር፤ ለአርጁና ያስቀመጠውን በ14ኛው ሌሊት በቢማ ልጅ በጋቶትካቻ ላይ ለመጨረስ ተገደደ።

የተናቀ መሆኑም ልክ ነው። ሆኖም ደብዳቤዎ የማያነሳቸው ሁለት ቀኖች አሉ። አንደኛው ከላይ ያየነው የአዳራሹ ቀን ነው፤ ድራውፓዲን አምስት ባል ስላላት ጋለሞታ ናት ያለው፣ ልብሷን ግፈፏት ያለው እሱ ነው። ሁለተኛው 13ኛው የጦርነት ቀን ነው፤ የአርጁና ልጅ ወጣቱ አቢማንዩ ብቻውን ተከቦ በብዙዎች ሲገደል ካርና ከከበቡት አንዱ ነበር። በ17ኛው ቀን የሠረገላው ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥበት አርጁናን «ሕጉን አክብርና ጠብቀኝ» ሲለው ክሪሽና የአዳራሹን ቀን፣ በብዙ ቅጂዎችም የአቢማንዩን ሞት እያነሣ ጠየቀው፦ ያን ጊዜ ሕጉ የት ነበር? ካርና አንገቱን ደፋ፤ መልስ አልሰጠም።

ካርናን ክፉ የሚሉትም ቅዱስ የሚያደርጉትም ግማሹን ይጥላሉ። እሱ ራሱ ለክሪሽና «ዱርዮዳናን ለማስደሰት ብዬ በፓንዱ ልጆች ላይ የተናገርኩት ክፉ ቃል ዛሬ ያቃጥለኛል» ብሎታል። ታማኝነቱ እውነተኛ ነው፤ ክፉ ያሠራውም ያው ታማኝነቱ ነው። ባለ ውለታህ ሲያጠፋ ምን ታደርጋለህ የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የትረካው ሰው ይልቅ በእሱ ላይ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ክሪሽና ለድል ሲል ውሸት ፈቅዷል የሚባለው እውነት ነው? (ሁለት አንባቢዎች በተለያየ አባባል የጠየቁት)

መልስ፦ ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ የያዘ ይሳሳታል።

የመጀመሪያው በ7ኛው መጽሐፍ ነው። መምህሩ ድሮና ሊሸነፍ አልቻለም። ክሪሽና «ልጁ አሽዋታማ ሞተ ቢባል መሣሪያውን ይጥላል» አለ። ቢማ አሽዋታማ የሚባል ዝሆን ገድሎ «አሽዋታማ ሞተ» ብሎ ጮኸ። ድሮና አላመነም፤ ውሸት የማያውቀውን ዩዲሽቲራን ጠየቀው። ዩዲሽቲራ «አሽዋታማ ሞተ» ካለ በኋላ «ዝሆኑ» የሚለውን በማይሰማ ድምፅ ጨመረ። እስከዚያ ድረስ ሠረገላው ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ ያን ጊዜ መሬት ነካ። ድሮና መሣሪያውን ጥሎ በተቀመጠበት አንገቱ ተቆረጠ።

ሁለተኛው በ8ኛው መጽሐፍ ነው፤ የሚያወራውም ራሱ ክሪሽና ነው። ካውሺካ የሚባል ባሕታዊ ሁልጊዜ እውነት እናገራለሁ ብሎ ምሎ ነበር። ከሽፍቶች የሸሹ ሰዎች በአጠገቡ አልፈው ጫካ ገቡ። ሽፍቶቹ የት ሄዱ ሲሉት እውነቱን ነገራቸው፤ ሰዎቹ ተገደሉ፤ ባሕታዊውም ወደ ሲኦል ወረደ። ክሪሽና ይህን የነገረው ለአርጁና ነው፤ አርጁና «ቀስትህን ለሌላ ስጥ የሚለኝን እገድላለሁ» ብሎ ምሎ ስለነበር፣ ይህን በተናገረው በዩዲሽቲራ በገዛ ወንድሙ ላይ ሰይፍ መዝዞ ነበር።

ሁለተኛው እውነት ሰው ሲያስገድል መዘዙ በተናጋሪው ላይ ነው ይላል። ታዲያ የመጀመሪያው ውሸት ተፈቅዷል ማለት ነው? ትረካው ሒሳቡን አልዘጋም። አሽዋታማ ለአባቱ ሊበቀል ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሌሊት ሰፈሩን ሰብሮ ገብቶ የድራውፓዲን አምስት ልጆች በእንቅልፋቸው አረደ፤ ከፓንዱ ልጆች ወገን የተረፉት 7 ሰዎች ብቻ ናቸው። ዩዲሽቲራም በ18ኛው መጽሐፍ ሰማይ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ዱርዮዳና በክብር ተቀምጦ ነው፤ ወንድሞቹን ሲፈልግ ወደ ሲኦል ወሰዱት። ለጥቂት ጊዜ ያንን ማየት የግድ የሆነበት ድሮናን በማታለሉ መሆኑ በግልጽ ተነግሮታል። ስለዚህ ክሪሽና ውሸቱን መክሯል፤ ዋጋውን ግን ማንም አልማረላቸውም።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ ትረካዎች ወደ ግዕዝ መጻሕፍት የገባ ነገር አለ? (አንባቢ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አንድ በጣም ግልጽ ዝምድና አለ። በማሃባራታ 11ኛ መጽሐፍ ቪዱራ ልጆቹን ሁሉ ላጣው ለድሪታራሽትራ አንድ ምሳሌ ይነግረዋል። በአስፈሪ ጫካ የጠፋ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ በሐረግ ተንጠልጥሏል። ከታች እባብ አለ፤ ከአፋፉ ላይ ስድስት ፊትና አሥራ ሁለት እግር ያለው ዝሆን ቆሟል፤ ጥቁርና ነጭ አይጦች የዛፉን ሥር ይቆረጥማሉ። ሰውየው ግን ከላይ የሚንጠባጠበውን ማር ይልሳል። ቪዱራ ይፈታዋል፦ ዝሆኑ ስድስት ወቅትና አሥራ ሁለት ወር ያለው ዓመት፣ አይጦቹ ሌሊትና ቀን፣ እባቡ ጊዜ፣ ሐረጉ የመኖር ተስፋ ነው።

ይኸው ምሳሌ ከቡድሃ የሕይወት ታሪክ በመነጨው በበረላምና ይዋስፍ ታሪክ ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ሰውየውን የሚያሳድደው አንድ ቀንድ ያለው አውሬ ሲሆን ትርጓሜውም ሞት ነው። ያ መጽሐፍ ከህንድ ተነስቶ በብዙ ቋንቋዎች ካለፈ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መልሶታል። ከማሃባራታ በቀጥታ ተቀዳ ማለት ግን አይቻልም፤ ምሳሌው በህንድ የጃይናና የቡድሃ ተከታዮችም ዘንድ ይታወቃል። የጋራ ምንጭ ብሎ መያዙ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ራማ ፍጹም ሰው ከሆነ ቫሊን ለምን ተደብቆ ገደለ? ሲታንስ ለምን አባረረ? (መምህርት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ የመጀመሪያውን የጠየቀው ራሱ የዝንጀሮዎቹ ንጉሥ ቫሊ ነው፣ ፍላጻው ደረቱ ላይ ተተክሎ። ከወንድሜ ከሱግሪቫ ጋር ስታገል ሳላይህ ወጋኸኝ፤ ብትጠይቀኝ ኖሮ ሲታን በአንድ ቀን አመጣልህ ነበር አለው። ራማ ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጣል፦ የታናሽ ወንድምህን ሚስት ወስደሃልና ቅጣት ይገባሃል፤ ምድሪቱ የወንድሜ የባራታ ግዛት ስለሆነች የመቅጣት ሥልጣን አለኝ፤ ደግሞም አንተ ዝንጀሮ ነህ፣ አዳኝ አውሬን ተደብቆ ቢገድል ጥፋት የለበትም። ክፍል ውስጥ ካነበባችሁት ተማሪዎቹን ሦስተኛውን ከመጀመሪያው ጋር እንዲያስተያዩ ይጠይቋቸው። አውሬ ከሆነ በሰው የጋብቻ ሕግ እንዴት ይዳኛል? የህንድ ተንታኞች በዚህ ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አልተስማሙም።

የሲታን ነገር ለሁለት ይክፈሉት። በ6ኛው መጽሐፍ ከላንካ ስትወጣ ራማ በሕዝብ ፊት «የተዋጋሁት ለክብሬ ነው፤ ወደ ፈለግሽው ሂጂ» ይላታል። እሷ ራሷ እሳት አስነድዳ ትገባለች፤ የእሳት አምላክ አግኒ ንጹሕ ናት ብሎ ያወጣታል። በ7ኛው መጽሐፍ ደግሞ ከተመለሱ በኋላ ሕዝቡ ስላማት ነፍሰ ጡር እያለች ጫካ ትጣላለች፤ መንትዮቿን ኩሻንና ላቫን በቫልሚኪ አጠገብ ታሳድጋለች። ንጹሕ ነኝ ብለሽ ዳግም ማዪ ሲሏት ምድርን ጠርታ ትገባባታለች። ብዙ ሊቃውንት 7ኛውን መጽሐፍና ከ1ኛውም አብዛኛውን በኋላ የተጨመረ ነው ይላሉ። ቱልሲዳስ ማባረሩን አልተረከውም፤ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ባቫቡቲ የተባለው ጸሐፌ ተውኔት ደግሞ መጨረሻውን ለውጦ አስታርቋቸዋል። ህንዳውያን ራሳቸው ይህን ክፍል ሲያነቡ ምን ያህል እንደተቸገሩ ከዚህ ይታያል። ሹድራ፣ ማለትም ከዝቅተኛው መደብ፣ የሆነው ሻምቡካ ዘሩ የማይፈቅድለትን ተጋድሎ ፈጸመ ተብሎ በራማ ሰይፍ የሚገደለውም በዚሁ በ7ኛው መጽሐፍ ነው። «ፍጹም» የሚለውን ቃል ከተማሪዎቹ ፊት ሲያስቀምጡ ከእነዚህ ክፍሎች ጋር ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ዱባይ አብረውኝ የሚሠሩ ህንዳውያን በዲዋሊ መብራት ያበራሉ። ከራማ ጋር ምን ያገናኘዋል? (አንባቢት ከዱባይ)

መልስ፦ በሰሜን ህንድ ልማድ ራማ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ ወደ አዮድያ የገባበት ቀን ነው፤ የራቫና መሸነፍ ከሚከበርበት ከዱሴራ 20 ቀን ያህል ዘግይቶ፣ በእኛ ጥቅምት ወይም ኅዳር መግቢያ ላይ ይውላል። ደቡቦቹ ክሪሽና ጋኔኑን ናራካሱራን የገደለበት ቀን ነው ይላሉ፤ ጃይናዎችና ሲኮችም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ስለዚህ የሥራ ጓደኛዎን «የራማ በዓል እንኳን አደረሰሽ» ከማለት «መልካም ዲዋሊ» ማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ልተርክላቸው እፈልጋለሁ፤ የ7 እና የ11 ዓመት ናቸው። የትኛውን ክፍል፣ እንዴት? (እናት፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦ በሐይቁ ታሪክ ይጀምሩ፤ የ3ኛው መጽሐፍ መጨረሻ ነው፣ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። አምስቱ ወንድማማቾች በጫካ ተጠምተዋል። ናኩላ ውኃ ሊቀዳ ይሄዳል፤ «መጀመሪያ ጥያቄዬን መልስ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሳይመልስ ይጠጣና ይወድቃል። ሳሃዴቫ፣ አርጁና፣ ቢማም እንዲሁ። ዩዲሽቲራ ግን ቆሞ ይመልሳል። ድምፁም «ከአራቱ አንዱን ብቻ አስነሣልሃለሁ» ይለዋል። እዚህ ላይ ያቁሙና «እናንተ ብትሆኑ ማንን?» ብለው ይጠይቋቸው። አብዛኛው ልጅ ኃይለኛውን ቢማን ወይም ቀስተኛውን አርጁናን ይመርጣል። ዩዲሽቲራ የመረጠው ናኩላን ነው፦ «ኩንቲ እኔ አለሁላት፤ ማድሪም አንድ ልጅ ይትረፋት።» ድምፁ ጽድቅ ራሱ፣ የዩዲሽቲራ አባት ነበር፤ አራቱንም አስነሣለት።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። በአንድ ምሽት ከሦስት የማይበልጥ አዲስ ስም ያስገቡ፤ ለትንሹ «ታላቁ ወንድም»፣ «መንትያው» ማለት ይበቃል። ደግሞ ልጁ ምክንያቱን ሳይናገር ትምህርቱን አይንገሩት፤ ከነገሩት በሚቀጥለው ምሽት ታሪኩን ትቶ ትምህርቱን ብቻ ይጠብቃል።

ከራማያና የባራታ ጫማ ጥሩ ነው፦ እናቱ ካይኬዪ በእሷ ተንኮል ያገኘችለትን ዙፋን አልወጣበትም ብሎ የራማን ጫማ ዙፋኑ ላይ አስቀምጦ እሱ በናንዲግራማ መንደር ሆኖ ለ14 ዓመት ስለ ወንድሙ አስተዳደረ። ዝንጀሮው ሃኑማን 100 ዮጃና (የጥንት የህንድ የርቀት መለኪያ) ባሕር ሲዘል ሁለቱም ይወዱታል። ለ11 ዓመቱ ልጅ ኤካላቪያን ይጨምሩ፤ ድሮና በዘሩ ምክንያት አላስተምርም ያለው፣ ከጭቃ የመምህሩን ምስል ሠርቶ ብቻውን ቀስት የተማረው፣ በኋላ ድሮና ዋጋዬን ብሎ የቀኝ አውራ ጣቱን ያስቆረጠው ልጅ ነው። «ለመምህር መታዘዝ» እያሉ የሚያቀርቡት አሉ፤ ልጅዎ ድሮና በደለ ካለ አያርሙት። የአዳራሹን ታሪክ፣ የሌሊቱን እርድና የሲታን መባረር ቢያንስ 14 እስኪሞላቸው ያቆዩላቸው።